የኤድፉን ቤተ መቅደስ ማን ሠራው?

ጥያቄ፦ «ባለፈው ጥር ከሉክሶር ወደ አስዋን በጀልባ ስንሄድ ኤድፉ ላይ ወረድን። አስጎብኚያችን የሆረስን ቤተ መቅደስ የሠራው የክሊዮፓትራ አባት ነው አለን። እዚያው የገዛሁት ትንሽ መጽሐፍ ደግሞ ፕቶለሚ 3ኛ ይላል። መጨረሻው ክፍል ስንደርስ፣ መሐል ላይ የቆመው ጥቁር ድንጋይ የሌላ ፈርዖን ነው ተባልን። ማንን ልመን? ደግሞስ ግሪኮች ከሠሩት የፈርዖኖች ቤተ መቅደስ ይባላል?»

ምላሽ፦

ሦስቱንም ይመኑ። አስጎብኚዎ አልዋሸም። መጽሐፉም አልተሳሳተም። የመጨረሻው ክፍል ድንጋይም እውነቱን ነው። ልዩነቱ የመጣው ሦስቱም የሚናገሩት ስለተለያየ የሕንፃው ክፍል ስለሆነ ነው። አስጎብኚዎ የነገረዎ ስለ በሩ ነው። መጽሐፉ የሚለው ስለ መሠረቱ ነው። ድንጋዩ ደግሞ ሁለቱንም ይቀድማል።

ኤድፉን ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው አንድ ነገር አለ። ይህ ቤተ መቅደስ የተሠራው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። መጀመሪያ መቅደሱ ተሠራ። ከዚያ ከፊቱ አዳራሽ ተጨመረ። ከአዳራሹ ፊት ግቢ፣ ከግቢው ፊት ደግሞ ትልቁ የመግቢያ ግንብ ቆመ። ስለዚህ ጎብኚ መጀመሪያ የሚያየው መጨረሻ የተሠራውን ነው። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ወደ ድሮ ይሄዳል። ሕንፃው ከጫፍ እስከ ጫፍ 137 ሜትር ነው። ያንን ለመጨረስ 180 ዓመት ፈጅቷል፤ ከ237 እስከ 57 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ። (ከዚህ በኋላ ቅ.ል.ክ. እያልኩ አሳጥረዋለሁ። ዓመቶቹና ቀኖቹ፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ያዩትን ያስታውሱና አብረን እንደገና እንግባ።

ከፊት ለፊት 36 ሜትር ከፍታ ያለው ጥንድ ግንብ አለ። ግንቡ ላይ አንድ ግዙፍ ንጉሥ ጠላቶቹን ጸጉራቸውን ጨብጦ ሊመታ እጁን አንስቷል። ይህ ፕቶለሚ 12ኛ ነው፤ የታዋቂዋ ክሊዮፓትራ አባት። ፕቶለሚ እየተባሉ በቁጥር የሚለዩት ሁሉ ግብፅን የገዙ የግሪኮቹ ነገሥታት ናቸው። በሩን ሲያልፉ በ32 ዓምዶች የተከበበ ሰፊ ግቢ ያገኛሉ። ግቢውን ሲያቋርጡ ሰው ሁሉ አጠገቡ ፎቶ የሚነሳበት የግራናይት ጭልፊት አለ። ዘውድ ደፍቶ የቆመው የቤቱ አምላክ ሆረስ ነው። ከጭልፊቱ ኋላ ያለው ባለ 18 ዓምዱ አዳራሽ የፕቶለሚ 8ኛ ዘመን ሥራ ነው። እሱን አልፈው ሲገቡ ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ ብርሃኑም ይቀንሳል። 12 ዓምዶች ያሉት ውስጠኛው አዳራሽ ነው። እዚህ ላይ ወደ ፕቶለሚ 3ኛና ወደ ልጁ ፕቶለሚ 4ኛ ዘመን ገብተዋል። ከዚያ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች አሉ። መጨረሻ ላይ ጨለማው መቅደስ ነው። በመቅደሱ ውስጥ 4 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው፣ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ የጣዖቱ ማደሪያ ቆሟል። እሱ ከ360 ቅ.ል.ክ. ጀምሮ የነገሠው የኔክታኔቦ 2ኛ ነው። ኔክታኔቦ ከግሪኮቹ በፊት ግብፅን የገዛ የመጨረሻው አገር በቀል ፈርዖን ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ያደገ ሰው ይህ አቀማመጥ እንግዳ አይሆንበትም። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ብለን የምናውቀው ደረጃ አለ። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር የሚፈቀድለት ሰው ይቀንሳል። ኤድፉም እንዲያ ነው። ሕዝቡ ከግቢው አያልፍም ነበር። መቅደሱ የሚከፈተው ለካህን ብቻ ነው። አንዱ ከሌላው ተቀዳ ማለቴ አይደለም። ለማስረዳት ግን ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

ከውስጥ ለምን ጀመሩ? ቤቱ የአምላኩ መኖሪያ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። ባለቤቱ የሚያድርበት ክፍል ካለቀ አገልግሎት መጀመር ይቻላል። ዕጣኑ ይታጠናል፣ መሥዋዕቱ ይቀርባል። ግቢውና በሩ ሰላምና ገንዘብ ሲገኝ ይደርሳል። ይህ አሠራር ባይኖር ኖሮ የኤድፉ ካህናት 180 ዓመት አምላካቸውን ሜዳ ላይ ባሳደሩት ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን ልመለስ። በጣም የምወደው የታሪኩ ክፍል ይህ ነው።

ኤድፉን ከብዙዎቹ የግብፅ ቤተ መቅደሶች የሚለየው ሥራው የተጀመረበት ቀን ጭምር መታወቁ ነው። ቀኑን የጻፉት ካህናቱ ራሳቸው ናቸው። በውጨኛው ግድግዳ ግርጌ፣ በሂሮግሊፍ (በጥንቱ የግብፅ የሥዕል ጽሕፈት)፣ የግንባታውን ታሪክ ከነቀኑ ቀርጸውታል። የክፍሎቹን ርዝመትና ስፋት እንኳ በክንድ ለክተው አስፍረዋል። የእነሱ ክንድ 52 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጽሑፉ እንደሚለው መሠረቱ የተጣለው በፕቶለሚ 3ኛ 10ኛ የንግሥ ዓመት፣ ኤጲፊ በሚባለው ወር 7ኛ ቀን ነው። ይህ በአውሮፓውያን ኦገስት 23 ቀን 237 ቅ.ል.ክ. ይውላል።

ኤጲፊ የሚለውን ስም ልብ ይበሉ። የግብፅ 11ኛ ወር ነው። ኮፕቶች እስከ ዛሬ ኤጲፕ ይሉታል። እኛ ሐምሌ የምንለው ወር እሱ ነው። የግብፅ ዓመት ባለ 30 ቀን 12 ወራትና ትርፍ 5 ቀን ነበረው። ትርፎቹ ቀኖች የእኛ ጳጉሜ ናቸው። እንግዲህ የኤድፉ መሠረት የተጣለው በእነሱ ሐምሌ 7 ነው ማለት እንችላለን።

ከዚህ የሚገርም ነገር ይከተላል። የመቅደሱና የውስጠኛው አዳራሽ ግንብ ያለቀው ከ25 ዓመት በኋላ፣ በፕቶለሚ 4ኛ 10ኛ ዓመት ነው። ቀኑስ? እንደገና ኤጲፊ 7። አባትየው በጀመረበት ዕለት ልጁ ጨረሰ ብለው ጽፈዋል። ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ስንቀይረው ግን ኦገስት 17 ቀን 212 ቅ.ል.ክ. ይሆናል። ያው ቀን ነው፤ በ6 ቀን ወደ ኋላ ሸሸ። ምክንያቱ የግብፅ ዓመት ሁልጊዜ 365 ቀን ብቻ ስለነበረ ነው። በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን ይጎድላል። በ25 ዓመት ውስጥ 6 ቀን ጎደለ። አንድ የግድግዳ ጽሑፍ የቀን መቁጠሪያን ጉድለት እንዲህ ቁልጭ አድርጎ ሲያሳይ ማየት ደስ ይላል።

ይህን ጉድለት ሊያርም የሞከረውም ራሱ ፕቶለሚ 3ኛ ነው። ኤድፉ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ238 ቅ.ል.ክ.፣ የግብፅ ካህናት ካኖፐስ በምትባል ከተማ ተሰብስበው አዋጅ አወጡ። በየ4 ዓመቱ 6ኛ ትርፍ ቀን ይጨመር አሉ። ጳጉሜ 6 ማለት ነው። አዋጁ ግን ከወረቀት አላለፈም፤ አገሩ በድሮው ቆጠራ ቀጠለ። በሥራ ላይ የዋለው ከ200 ዓመት በኋላ፣ ሮማዊው አውግስጦስ ግብፅን ከያዘ ወዲህ ነው። እኛ ዛሬ በየ4 ዓመቱ የምንቆጥራት ጳጉሜ 6 ሥሯ እዚያ ነው።

ፕቶለሚ 3ኛን ካነሳሁ አይቀር ወደ እኛ አካባቢ የሚመጣ ሌላ ጉዳይ ልጨምር። የዚህ ንጉሥ ስም በአዱሊስ ወደብም ተገኝቷል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ አፄ ካሌብ ወደ የመን ሊዘምቱ ሲዘጋጁ፣ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ነበር። የአዱሊሱ ገዥ፣ ንጉሡ ስላዘዙት፣ አንድ የቆየ የግሪክኛ ጽሑፍ እንዲገለብጥ ኮስማስን ጠየቀው። ጽሑፉ የፕቶለሚ 3ኛ ነበር። ወደ ሶርያ ያደረገውን ዘመቻ ይተርካል። እሱና አባቱ ከትሮግሎዲቶች (በቀይ ባሕር ዳር ከሚኖሩ ሕዝቦች) እና ከኢትዮጵያ ምድር ዝሆን አስይዘው ለጦርነት እንዳሠለጠኑም ይናገራል። በነገራችን ላይ ያን ጊዜ ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር በሙሉ ነው። የድንጋዩ ዋናው ጠፍቷል። የተረፈልን ኮስማስ የገለበጠው ብቻ ነው።

ዝሆኖቹ ከኤድፉ ጋር ምን አገናኛቸው? መንገዱ ነው ያገናኛቸው። ከደቡብ ቀይ ባሕር በመርከብ የተጫኑት ዝሆኖች በረኒቄ ወደብ ይራገፋሉ። ከዚያ በበረሃ ተጉዘው ዓባይ ላይ የሚደርሱት ኤድፉ ጋ ነው። በዚህ መንገድ ላይ፣ ኤል ካናይስ በሚባል ቦታ፣ ከጉዞው በሰላም የተመለሱ ሰዎች ለአምላካቸው ምስጋና ቋጥኝ ላይ ጽፈዋል። ስለዚህ ኤድፉ ተራ የገጠር ከተማ አልነበረችም። የጦር ዝሆን፣ የዕጣንና የወርቅ መተላለፊያ ነበረች። ንጉሡ እዚያ ትልቅ ቤተ መቅደስ ማሠራቱ ለካህናቱ ያለውን አክብሮት ያሳያል፤ ለመንገዱም ያለውን ፍላጎት ያሳያል። ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት ስሕተት ይመስለኛል።

መሠረት የመጣሉ ሥርዓት ግድግዳው ላይ ተቀርጿል። ንጉሡና ሴሻት የተባለችው የጽሕፈትና የልኬት አምላክ ፊት ለፊት ቆመዋል። ሁለቱም ችካልና መዶሻ ይዘዋል። በመሃላቸው ገመድ ተወጥሯል። እኛ ቤት ስንጀምር ችካል ተክለን ገመድ እንደምንወጥረው ማለት ነው። የእነሱ የሚለየው አቅጣጫው በሌሊት ከዋክብትን አይቶ መወሰኑ ነው። ግድግዳው ሁሉንም ለንጉሡ ይሰጣል። እንዲህ ባለው ሥርዓት ግን ብዙውን ጊዜ በንጉሡ ፈንታ የሚቆመው ካህን ነበር።

ድንጋዩ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ከኤድፉ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ገበል ኤል ሲልሲላ የሚባል ቦታ አለ። ዓባይ በሁለት ገደል መካከል ጠብቦ ያልፋል። ገደሉ ሁሉ የድንጋይ ማውጫ ነው። ድንጋዩን ወንዙ ዳር ጠርበው በጀልባ ይጭኑታል። ዓባይ ወደ ሰሜን ስለሚፈስ ጭነቱ ከወንዙ ጋር ይወርዳል። ግንበኞቹ ድንጋዩን ፊቱን ሳያለሰልሱ ይደረድራሉ። ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥር አፈርና ጭቃ ጡብ እየከመሩ በእሱ ላይ ይወጣሉ። ግድግዳው ጫፉ ሲደርስ ክምሩን ከላይ ጀምረው ያፈርሱታል። እየወረዱም ፊቱን ያለሰልሳሉ። እንዲህ ያለው የጡብ ክምር ቅሪት ዛሬም ሉክሶር ባለው የካርናክ ቤተ መቅደስ፣ ከመጀመሪያው ግንብ ኋላ ይታያል። ሥራው ሳያልቅ ስለቀረ ማንም አላነሳውም።

አንድ ነገር ቀረብ ብለው ማየት ከፈለጉ የድንጋዮቹን መጋጠሚያ ይመልከቱ። ጫፉ በተሰበረበት ቦታ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የሚመስል ጎድጓዳ ይታያል። ግማሹ በአንዱ ድንጋይ፣ ግማሹ በጎረቤቱ ላይ ነው። እዚያ ውስጥ የእንጨት ማያያዣ ነበር። ሁለቱ ድንጋዮች እንዳይላቀቁ ይይዛቸዋል። እንጨቱ ጠፍቶ ቦታው ብቻ ቀርቷል። ድንጋዩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

በ212 ግንቡ ካለቀ በኋላ ቀራጮች ገቡ። ፕቶለሚ 3ኛ በ222 ሞቶ ነበር። ያስጀመረውን ቤት ተሠርቶ አላየም። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ መሥዋዕት ሲያቀርብ የሚታየው በብዛት ልጁ ፕቶለሚ 4ኛ የሆነው ለዚህ ነው። የቅርጹ ሥራ በ207 ገደማ አለቀ። የቀረው በሮቹን መግጠም ነበር።

ከዚያ አገር ታመሰ። የደቡብ ግብፅ ሕዝብ በግሪኮቹ ነገሥታት ላይ ተነሣ። ሆርወንነፈርና ከእሱ በኋላ አንክወንነፈር የተባሉ ግብፃውያን በየተራ ፈርዖን ነን ብለው ነገሡ። አመጹ 20 ዓመት ገደማ ቆይቶ የተደመሰሰው በ186 ቅ.ል.ክ. ነው። የኤድፉ ካህናት ይህንንም ግድግዳቸው ላይ አልደበቁትም። ሥራው መቆሙን ጽፈዋል። ዓመፀኞች በቤተ መቅደሱ ውስጥ መሸሸጋቸውንም ጽፈዋል። ስለ አምላክ ክብር ብቻ በሚናገር ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ዜና ማግኘት ብርቅ ነው። ያን ጽሑፍ ሳነብ ያልተገጠመው በር ይታየኛል። ግንቡ አልቋል፣ ቅርጹ አልቋል፣ በር ግን የለም። ሸሽቶ የመጣ ሁሉ ሊገባ ይችል ነበር።

በሮቹ የተገጠሙት ፌብሩዋሪ 3 ቀን 176 ቅ.ል.ክ. ነው። ፕቶለሚ 6ኛ ገና ልጅ ነበር። ግንቡ ካለቀ 36 ዓመት አልፏል። የመጀመሪያዎቹ ድንጋይ ጠራቢዎች በሮቹን ለማየት አልደረሱም ማለት ይቻላል።

ምረቃው ደግሞ ከዚያም ዘገየ። እኛ ቅዳሴ ቤቱ የምንለው ዓይነት በዓል የተከበረው ሴፕቴምበር 10 ቀን 142 ቅ.ል.ክ. ነው። በግብፆች ቀን ሜሶሬ 18፤ ሜሶሬ ማለት የእኛ ነሐሴ ነው። ፕቶለሚ 8ኛና እህቱም ሚስቱም የሆነችው ክሊዮፓትራ 2ኛ ነበሩ በመንበሩ ላይ። ካህናቱ ገመድ ከተወጠረበት ቀን ጀምረው ቆጥረው 95 ዓመት ሆነ ብለው ጽፈዋል።

ቤቱ ተመርቆ እያለ ሌላ ሥራ ተጀመረ። በጁላይ 2 ቀን 140 ባለ 18 ዓምዱን የፊት አዳራሽ ያዙ። በሴፕቴምበር 5 ቀን 124 አጠናቀቁት። ቀኑ እንደገና ሜሶሬ 18 ነው፤ የምረቃውን ቀን አስበውበት መርጠዋል። በእነዚህ 16 ዓመታት ውስጥ ንጉሡና እህቱ ተጣልተው የእርስ በርስ ጦርነት ነበር። የታረቁትም በ124 ነው። እስክንድርያ ላይ ሰይፍ ተማዝዘው ሳለ ኤድፉ ላይ ዓምድ ይቆም ነበር። ለዚህ ነው ነገሥታቱን ብቻ ተከትለን የኤድፉን ታሪክ መረዳት አንችልም የምለው። ሥራውን በእጃቸው የያዙት ካህናቱ ነበሩ። ንጉሥ ይሰጣል፣ ንጉሥ ይፈቅዳል፣ ስሙም ይቀረጻል። ዕቅዱን ከትውልድ ትውልድ ያሻገሩት ግን እነሱ ናቸው።

በዚህ አዳራሽ በር አካባቢ፣ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች እንዳሉ አስተውለው ይሆናል። አንዷ የመጻሕፍት ቤት ናት። የመጻሕፍቱ ዝርዝር ግድግዳዋ ላይ ተቀርጿል። መጻሕፍቱ የሉም፣ ዝርዝሩ ግን አለ። በውስጠኛው አዳራሽ በኩል ደግሞ የቅባትና የዕጣን መቀመሚያ ክፍል አለች። አቀማመሙ ከነመጠኑ ተጽፏል። ካህን ተሳስቶ ቢረሳ ግድግዳውን አንብቦ ይቀምማል።

በ116 አካባቢ የመጨረሻው ምዕራፍ ተጀመረ። ግቢው፣ ሕንፃውን የሚከበው ረጅም የድንጋይ አጥርና ትልቁ ግንብ። ያኔውኑ ፕቶለሚ 8ኛ ሞተ። ልጆቹ ፕቶለሚ 9ኛና 10ኛ ዙፋኑን እየተነጣጠቁ ኖሩ። አንዱ በ107 ተባረረ፣ በ88 ተመለሰ። ግንቡ በሁለቱም ዘመን ከፍ እያለ ሄደ። ቅርጹን የጨረሰው ፕቶለሚ 12ኛ ነው። የትልቁ በር መዝጊያዎች የተገጠሙት ዲሴምበር 5 ቀን 57 ቅ.ል.ክ. ነው።

እዚህ ቀን ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጽሑፉ ቀኑን የሚጠራው በፕቶለሚ 12ኛ 25ኛ ዓመት ነው። ሰውዬው ግን ያን ቀን ግብፅ ውስጥ አልነበረም። ሕዝቡ በ58 አባሮት ሮም ላይ ደጅ ይጠና ነበር። እስክንድርያ ላይ የነገሠችው ልጁ በረኒቄ 4ኛ ነበረች። እሱ የተመለሰው በ55፣ በሮም ጦር ታጅቦ ነው። ስለዚህ ያ ጠላት ጨብጦ የሚያዩት ግዙፍ ንጉሥ፣ በሩ ሲገጠም ስደተኛ ነበር። ክሊዮፓትራ ገና የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች። ከ27 ዓመት በኋላ እሷ ሞተች፣ ግብፅም የሮም ግዛት ሆነች። ኤድፉ የተጠናቀቀው ለጥቂት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ ልምጣ። ግሪኮች ከሠሩት የፈርዖኖች ነው ወይ? እኔ አዎ ነው የምለው፣ ያለ ምንም ማመንታት። ነገሥታቱ ከመቄዶንያ የመጣ ዘር ናቸው። በቤታቸው ግሪክኛ ነው የሚናገሩት። ሕንፃው ግን ከዕቅዱ እስከ ጽሑፉ ግብፃዊ ነው። የግሪክ ቤተ መቅደስ ዓምዶቹን ወደ ውጭ ያሳያል። ኤድፉ ዓምዶቹን ውስጥ ይደብቃል። ወለሉ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ከፍ ይላል፣ ጣሪያው ዝቅ ይላል። ይህ ከግሪኮቹ በፊት የነበረ አሠራር ነው። ካህናቱም ዕቅዱን ከኢምሆቴፕ መጽሐፍ ወሰድነው ብለው ጽፈዋል። ኢምሆቴፕ ከእነሱ 2,400 ዓመት ያህል ቀድሞ የንጉሥ ጆሰርን የደረጃ ፒራሚድ የሠራ ሰው ነው። መጽሐፉ በእውነት የእሱ ይሁን ማለቴ አይደለም። ራሳቸውን የማን ወራሽ አድርገው እንደሚቆጥሩ ግን ግልጽ ነው። የኔክታኔቦን ድንጋይም በዚህ ዓይን ይዩት። አዲስ ማደሪያ ማስፈልፈል ያቅታቸው ነበር? አያቅታቸውም። አሮጌውን ግን አልጣሉትም፤ አዲሱን ቤት በዙሪያው ሠሩለት። አርጅቶ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ታቦቱ ያው እንደሚሆነው ነው።

የቀረውን ባጭሩ ልንገርዎ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሮም ቄሣር ቴዎዶስዮስ የጣዖት ቤቶችን ሲዘጋ የኤድፉም አገልግሎት አከተመ። ግድግዳው ላይ ፊታቸው የተፋቀ አማልክት ያዩት የዚያ ዘመን ትዝታ ናቸው። ከዚያ አሸዋና ደለል ሞላው። በ1838 ዴቪድ ሮበርትስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሠዓሊ ሲሥለው ዓምዶቹ እስከ አንገታቸው ተቀብረው ነበር። ጣሪያው ላይ ሰዎች ቤት ሠርተው፣ ከብት አስረው ይኖሩ ነበር። ፈረንሳዊው ኦጉስት ማሪዬት ማስቆፈር የጀመረው በ1860 ነው። ኤድፉ እንዲህ ሙሉ ሆኖ የደረሰን በመቀበሩ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ድንጋዩን ነቅሎ የሚወስድ አላገኘውም።

ሥራው ዛሬም አላቆመም። የጀርመኑ ዩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲና የግብፅ ባለሙያዎች በቅርብ ዓመታት መቅደሱን ከጥላሸት፣ ከወፍ ኩስና ከአቧራ ሲያጸዱ ቀለም ወጣ። ከፍ ባለው የግድግዳ ክፍል ላይ የወርቅ ቅጠል ርዝራዥም ተገኘ። ካህናት በቀለም የጫሯቸው ትንንሽ ጽሑፎችም ታዩ። እኛ የለመድነው ቡናማው ድንጋይ ልብሱን የተገፈፈ ነው። በዘመኑ ያ ጨለማ ክፍል በመብራት ያብለጨልጭ ነበር።

ዳግመኛ የመሄድ ዕድል ካገኙ አንድ ቦታ አያምልጥዎ። ከትልቁ ግንብ በስተምሥራቅ ዝቅ ያለ የድንጋይ ፍርስራሽ አለ። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ ሳያየው ያልፋል፤ ሁሉም ዓይኑ ግንቡ ላይ ነው። ፍርስራሹ የቀድሞው ቤተ መቅደስ መግቢያ ነው። አቅጣጫው ከአሁኑ ጋር አይገጥምም። የአሁኑ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ፣ የድሮው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከዓባይ በኩል ነበር የሚገባው። አዲሱን ሲሠሩ አቅጣጫውን አዙረውታል። ድንጋዩ ላይ የራምሴስ 3ኛ ስም አለ፤ 12ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ.። ለያዟቸው ሦስት ስሞች አራተኛ አድርገው ይጨምሩት።